ጡረታ የወጣው ኮምፒውተርና የፒያሳ ጌመር

ውፍረቱ አሥር ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ «ዴል» ተጽፎበታል። ጎኑ ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት ነበር፤ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ባሕር ማዶ የአንድ ቢሮ ንብረት ሆኖ ዓመታት ደብዳቤ ሲጻፍበትና ሒሳብ ሲሠራበት ኖሮ አዲስ አበባ ገብቷል። አሁን ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ተደራርቦ ገዢ ይጠብቃል። ከገዢዎቹ መካከል ደብዳቤ የመጻፍ ሐሳብ የሌለው፣ ጂቲኤ ወይም ኳስ ጨዋታ ሊጭንበት የመጣ ተማሪ አይጠፋም።

የኮምፒውተር ጌም ዕቃ እየመረጡ መግዛት በሌላው ዓለም አንድ የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ግራፊክስ ካርድ ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ ለካርዱ እንዲስማሙ ተደርገው ይገዛሉ። አራዳ ላይ በትንሽ ገንዘብ የሚገጣጥም ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የሚገኘው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ምን ዓይነት ካርድ መሸከም እንደሚችል ይወስናል፤ ካርዱ ደግሞ የትኛው ጌም እንደሚከፈት ይወስናል። ይህን ቅደም ተከተል ያልተረዳ ሰው ጥሩ ካርድና ጥሩ ሳጥን ገዝቶ ሁለቱ የማይገጣጠሙለት ጊዜ ብዙ ነው።

ፒያሳ ለጨዋታ አዲስ ሰፈር አይደለም። ከረንቡላ ቤቱ፣ ፑል ቤቱ፣ በረንዳ ላይ የሚገተረው ጆተኒ፣ በኋላም በጨዋታ ሒሳብ የሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት የሰፈሩን ልጅ ትውልድ በትውልድ አጫውተውታል። ኮምፒውተር ግን ከእነዚህ የሚለይበት ነገር አለው፤ ቤት ይገባል፣ የራስ ይሆናል፣ ከጌም ውጭም ይሠራል። «ለትምህርት ነው» ተብሎ ከወላጅ ገንዘብ የሚጠየቅበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም። ጌም የሚያስኬድ ካርድ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል፤ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ የተሠራ ሥዕልም ቶሎ ያወጣል። አምስት ኪሎና አራት ኪሎ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፕሮጀክታቸው የሚፈልጉት ማሽን ከጌመሩ ማሽን ብዙም አይራራቅም።

አዲስ ዕቃ ለምን አይገዛም? መልሱ የሚጀምረው ከዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ፤ 2017 ሲያልቅ ከ140 በላይ ደርሶ ነበር። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 149 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ በድሮው ተመን 8,500 ብር ገደማ ነው፤ በ140 ሲባዛ ወደ 21,000 ይጠጋል። ትራንስፖርቱ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ካርዱ አላደገም፤ እንዲያውም አርጅቷል። በዚህ ላይ ከ2018 መባቻ ጀምሮ ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ ግዙፍ የዳታ ማዕከላት የሜሞሪ ምርቱን እየጠቀለሉ በመውሰዳቸው የአዲስ ራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ አሻቅቧል።

ያገለገለው ሳጥን በአንጻሩ በገፍ የሚመጣበት የራሱ ምክንያት አለው። ትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ፤ አሮጌዎቹ በጅምላ ይሸጣሉ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ቢሮዎች ምንም ያልሆነውን ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ማሰናበት ጀመሩ። እዚያ የተሰናበተው እዚህ «ስላሽ» ወይም «ዩዝድ» እየተባለ ይሸጣል።

ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ከሻጩ አፍ ይልቅ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ቢነበብ ይሻላል። ኮር አይ5-3470 ሦስተኛ ነው፤ አይ5-4590 አራተኛ፤ አይ5-6500 ስድስተኛ፤ አይ5-8500 ስምንተኛ። እስከ ሰባተኛው ድረስ የዴስክቶፕ አይ5 አራት ኮር ብቻ ነበረው፤ በስምንተኛው ስድስት ሆነ። በጌም ላይ ይህ ልዩነት ይታያል። ሆኖም ሦስተኛውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ የጨዋታው አምራች ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2015 ጂቲኤ 5ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ «ይመከራል» ብሎ ከጻፋቸው ፕሮሰሰሮች አንዱ አይ5-3470 ነው። ያን ጊዜ በየቢሮው የነበረው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ፕሮሰሰር ይዞ ይመጣ ነበር። ጨዋታው እስከ ዛሬ ይከፈታል፤ ዛሬም ይጫወቱታል። የጸሐፊው ምርጫ ግን ገንዘብ ከተገኘ ስድስተኛ ነው፤ ዲዲአር4 ራም ይይዛል፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። ስምንተኛ ከተገኘማ ሌላ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ፓወር ሰፕላዩ።

የቢሮ ኮምፒውተር የተሠራው ለቁጠባ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 9020 በቀጭኑ ቅርጽ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ 255 ዋት ነው፤ ቆሞ በሚቀመጠው ተለቅ ያለው ቅርጽ 290 ዋት። የ7010ሩ ቀጭን 240 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለደብዳቤ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ለጌም ግን ጠባብ ናቸው። ደግሞ አብዛኞቹ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን የተለየ የኃይል ገመድ የላቸውም። ካርዱ ኃይል ማግኘት የሚችለው ከሚሰካበት ሶኬት ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያ ሶኬት ደግሞ በደንቡ መሠረት ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። የፒያሳ ጌመር ሒሳብ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች ቁጥር ዙሪያ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራተኛ ጄኔሬሽን አይ5 ሲለፋ 84 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ካርዱ 75። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኑ ተደምረው ሠላሳ አርባ ቢወስዱ ድምሩ ሁለት መቶ ገደማ ነው። 255 ዋቱ ይሸከመዋል፤ ለተጨማሪ ግን እጁ አጭር ነው። «ፓወሩን ልቀይረው» የሚል ሐሳብ የመጣለት ሰው ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ዴልም ኤችፒም እንዲህ ባሉ ብዙ ማሽኖች ላይ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ባለ 24 ፒኑን የማዘርቦርድ መሰኪያ አልተጠቀሙም። የ9020ው ባለ 8 ፒን፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ ባለ 6 ፒን ነው። ማገናኛ አዳፕተር አለ፤ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ መፈለግን ይጠይቃል። ቀጭኑ ሳጥን ውስጥ ደግሞ መደበኛው ፓወር ሰፕላይ በቁመናውም አይገባም። ስለዚህ ቀጭኑና ተለቅ ያለው ሳጥን ቀርበው የዋጋቸው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ተለቅ ያለውን መውሰድ ነው፤ ነገ ለሚመጣ ካርድ ቦታ ይተዋል።

በሱቁ ውስጥ ይህ ሁሉ የሚጣራው በአንድ ካቻቢቴ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አያስፈልግም። «ወንድሜ፣ ልክፈተውና የፓወሩን ጽሑፍ ልየው?» ይላል ገዢው። ጥሩ ሻጭ «ክፈተው፣ ምን ችግር አለው» ይላል። የጎኑ ክዳን ሲነሳ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ይታያል። መነበብ ያለበት በትልቁ የተጻፈው ድምር ብቻ አይደለም፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ ስንት አምፒር እንዳለ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነውና። 16 አምፒር ከሆነ በ12 ሲባዛ 192 ዋት ነው። ስም በሌላቸው ርካሽ ፓወሮች ላይ «500 ዋት» ተጽፎ የ12 ቮልቱ መስመር ግማሹን እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ፓወሩ ከታየ በኋላ ዓይን ወደ ማዘርቦርዱ ይሻገራል፤ ቆመው የሚታዩት ትንንሽ ካፓሲተሮች ጫፋቸው ያበጠ ከሆነ ሳጥኑን ዘግቶ ማመስገን ነው።

ለ75 ዋቷ ሶኬት የሚሆኑ ካርዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ ሲሆን ብዙዎቹ ሥሪቶቹ ተጨማሪ ገመድ አይሹም። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 የተባለው የኳስ ጌም በዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ የጻፈው ይህንኑ ካርድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «ጌም» ሲባል መጀመሪያ ኳስ መሆኑን ማንም ያውቃል። ጂቲኤክስ 1650 ከእሱ ይፈጥናል፤ ያለ ገመድ የሚሠራም ባለ ገመድም ሥሪት ስላለው ጀርባውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 በ53 ዋት የሚረካ ቆጣቢ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች አራት ብቻ ናቸው፤ አዲሱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 መሰኪያ ባለበት ማሽን ላይ ይበቃዋል፣ በአሮጌው ላይ ግን ፍጥነቱ ይጎድላል። የበጀት ጌመሩ ሳጥን ደግሞ ሁልጊዜ አሮጌው ነው።

ቀጭን ሳጥን ለገዛ ሰው አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ካርዱ «ሎ ፕሮፋይል» የሚባለው አጭሩ መሆን አለበት፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረትም እንዲሁ። አጭር ካርድ ተገኝቶ አጭሩ ብረት ጠፍቶ ብረቱን ፈቶ ያለ ብሎን የሰካ ሰው ሞልቷል። ይሠራል፤ ሳጥኑ ሲነቃነቅ ግን አብሮ ይነቃነቃል።

ርካሽ የሆነ ትልቅ ካርድ ሲቀርብ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። አርኤክስ 580 በዓለም ዙሪያ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ቀን ከሌት ሲሠሩ ከነበሩት አንዱ ነው። መስከረም 5 ቀን 2015 ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን እነዚያ ሁሉ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። ካርዱ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን 185 ዋት ይበላል፣ ስለዚህ ለቢሮው ሳጥን አይሆንም። «2048 ኤስፒ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠራው የተቀነሰው ሥሪት ነው፤ ሙሉው 2,304 የሥሌት ክፍል አለው። ከዚህ የሚብሰው የለየለት ሐሰተኛ ካርድ ነው። ከ2010ና ከ2011 እ.ኤ.አ. የቀረ አሮጌ ቺፕ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ዊንዶውስ ላይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ ስሙን ይናገራል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ይህን ያጋልጣል፤ የተጭበረበረውን የኤንቪዲያ ካርድ ስም ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍበታል። ፍላሽ ላይ ይዞ ሱቅ መግባት ነውር የለውም።

ራም ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ሦስተኛና አራተኛ ጄኔሬሽን ዲዲአር3 ይወስዳሉ፤ ከስድስተኛ ወዲህ ያሉት በአብዛኛው ዲዲአር4። መሐላቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም፤ በጉልበት ለማስገባት መሞከር ማዘርቦርድ ያስከፍላል። 8 ጊጋ መነሻ ነው፤ 16 ደግሞ ምቾት ነው። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጎን ለጎን መሰካት ይሻላል፤ ማሽኑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያነባልና።

ዲስኩ ላይ ግን ከፍታችን ይመጣል። ከቢሮው ሳጥን ጋር የሚመጣው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚያነብበት ጫፍ ከሚዞረው ሳህን በላይ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ አየር ሲሳሳ ይቸገራል። በብዙ ዲስኮች ዝርዝር መግለጫ ላይ የሚጻፈው የከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ፒያሳ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት፤ 3,200 ሜትር የሚጠጋው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ግን ያልፈዋል። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው ይህ አይመለከተውም፤ ፍጥነቱም ስለማይወዳደር አነስ ያለ ኤስኤስዲ ለዊንዶውሱና ለሚወደደው ጌም፣ አሮጌው ዲስክ ለቀሪው መሆኑ የተለመደ ክፍፍል ነው። ከፍታው ማቀዝቀዣውንም ይነካል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ፋን የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ደግነቱ ከተማው ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ዱባይ ውስጥ የሚንቃቃ ሳጥን አራዳ ላይ ክረምቱን በጸጥታ ይጫወታል። አቧራው ተጠርጎ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው ፔስት በአዲስ ከተተካ ማለት ነው።

ማሽኑ ከሱቅ ወጥቶ ቤት ሲደርስ አዲስ ዳኛ ይጠብቀዋል፤ የቤቱ ኤሌክትሪክ። የአራዳ አሮጌ ግቢዎች ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ጎረቤት ምጣድ ሲለኩስ አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ከጨዋታው መሐል ሪስታርት ያደርጋል። ልጁ ካርዱን ይጠረጥራል፤ ጥፋተኛው ግን ቮልቴጁ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን አንዴ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ ለስታብላይዘር ወይም ለዩፒኤስ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው መነሳት አለበት። ዩፒኤስ ላይ «650 ቪኤ» የሚለው ቁጥር 650 ዋት ማለት አይደለም፤ በዋት ሲመነዘር ከአራት መቶ በታች ነው፣ ሞኒተሩም ከዚያው ይበላል። ለ255 ዋቱ ሳጥን ግን ይበቃል፤ ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሰላም ለመዝጋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል። ድሃው ሳጥን ትልቁን የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ሞኒተር ላይ ብዙዎችን የሚያሳፍር ስህተት አለ። ያገለገለው ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ገመድ ብቻ አለው። 1050 ቲአይም 1650ም ግን የቪጂኤ መውጫ የላቸውም። ልጁ ገመዱን የሚሰካበት ሲያጣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ያገኛል፤ ምስል ይመጣል፣ ጌሙም ይከፈታል፣ ግን ይንቀራፈፋል። የተከፈለበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ደካማው ግራፊክስ ነው። መፍትሔው ከካርዱ መውጫ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ነው፤ ኤችዲኤምአይ ያለው ሞኒተር ከተገኘም ጣጣ የለውም።

ዕቃውን ማግኘት ራሱ አንድ ጉዞ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ በዚያ የነበሩ ሱቆች ተበትነዋል። የቀረው ገበያ በፒያሳ ሕንፃዎች ውስጥ፣ በእግር በሚደረስበት መርካቶና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ተከፋፍሏል። ካርድን በተመለከተ አራተኛ መንገድ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ። ግራፊክስ ካርድ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ተጠቅልሎበት ይመጣል፤ ዋስትናው ግን አብሮት አይመጣም።

በአዲስ ዕቃ መጀመር የሚፈልግም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር ይዞ ውስጡ ግራፊክስ ስላለው ለጊዜው ያለ ካርድ ቀላል ጌሞችን ያስኬዳል፤ ራሙ ጥንድ መሆኑ እዚህ ላይ ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። ፓወሩ መደበኛ ስለሚሆን ካርድ ሲገኝ ይሰካበታል። ዋጋው ከቢሮው ሳጥን ይበልጣል፤ እዚያም እዚህም ሳይዞሩ አንድ ጊዜ ለመግዛት ለሚችል ሰው ግን ንጹሕ መንገድ ነው።

ማሽኑ ከቆመ በኋላ ጌሙ ይቀራል፤ እሱም ቀላል ሸክም አይደለም። ኤፍሲ 24 መቶ ጊጋ የሚሆን ቦታ ይጠይቃል፤ ጂቲኤ 5 ሲወጣ 65 ነበር። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ የማይሞከር ስለሆነ ጌም በአራዳ ከእጅ ወደ እጅ በሃርድ ዲስክ ይዞራል፤ ክራክ የተደረገው ከነቫይረሱ፣ የተገዛውም አብሮ። ስቲም የሚባለው የጌም መደብር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጌሙን እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ፈቅዷል፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ኢንተርኔት ሳያባክን ይወስዳል። ቫሎራንት የሚባለው የኦንላይን የተኩስ ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካልበሩ አይከፈትም፤ የቢሮ ማሽኖች ላይ ሁለቱ ጠፍተው ሊመጡ ስለሚችሉ ባዮስ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። የኦንላይን ጌሞች ሰርቨር ከአገር ውጭ ስለሆነ መዘግየቱ አይቀርም፤ ተኩሱ ላይ የሚሸነፈው ልጅም ጓደኛውን ቤት ጠርቶ፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ፣ ኳስ ይጫወታል።